መልስ፦ በታኅሣሥ የሱፒሪየርን ሐይቅ ዳር በአንድ ቀን ነድቶ መመለስ

ወንድሜ፣ ከልጆች ጋር ከሚኒያፖሊስ ደርሶ መልስ ይቻላል ወይ ላልከው፣ በደንብ ይቻላል። ግን በማለዳ ውጡ። ሐይቁ ዳር ወዳለችው ዱሉዝ ከተማ ለመድረስ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ፀሐይ ደግሞ በዚህ ወቅት 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች።

ከዱሉዝ እስከ ቱ ሃርበርስ ከተማ ፈጣኑን መንገድ ተወውና አሮጌውን የሐይቅ ዳር መንገድ ያዝ። ቀስ ብሎ ነው የሚኬደው፣ ግን ውሃው ከጎንህ አይጠፋም። ሐይቁ ሙሉ በሙሉ በረዶ ሆኖ የሚጋገረው ከስንት አንዴ ስለሆነ ብርዱ ሲጠና ከላዩ እንፋሎት ሲነሳ ታያለህ፣ ማዕበሉ የረጨው ውሃም ዳር ያሉትን ቁጥቋጦዎች ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እንደ መስታወት በረዶ ያለብሳቸዋል። እኔ ለዚህ ስል ብቻ እሄዳለሁ!

ከዚያ በሃይዌይ 61 ቀጥል። ጉዝቤሪ ፏፏቴ ከመኪና ማቆሚያው ብዙም አይርቅም፣ ለልጆች ይመቻል። ትንሽ አለፍ ስትል እ.ኤ.አ. በ1910 የተሠራው ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየው የስፕሊት ሮክ መብራት ቤት ገደል አፋፍ ላይ አለ። ከዚያ ተመለሱ።

ዳር ላይ የተጋገረው በረዶ ላይ ልጆቹ እንዳይወጡ አደራ፣ ነፋስ ሲመጣ ይሰበራል። ነዳጅ ሙላ፣ ብርድ ልብስ ያዝ፣ ሲመሻሽ አጋዘን መንገድ ስለሚያቋርጥ ፍጥነት ቀንስ።