ሱፍ፣ ክስና የሥራ ማመልከቻ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሥራ ያመለከትኩበት ቦታ «ለመደቡ ሱተብል (ተስማሚ) አይደለሽም» የሚል መልስ በእንግሊዝኛ ላኩልኝ። ተናድጄ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ሱት» ሙሉ ልብስ ነው፣ ክስ ነው፣ የመጫወቻ ካርታ መደብም ነው ይላል። ከመስማማት ጋር ምን አገናኛቸው? (አንባቢዎ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይዞሽ ልጄ። ሁሉም የመጡት ከአንድ የላቲን ግስ ነው፤ ሴኩዊ፣ «ተከተለ» ማለት። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛቸውን ይዘው ገቡ፤ ቃሉም በዚያው ገባ። ያኔ ጭሰኛው በባላባቱ ችሎት የመገኘት ግዴታ ነበረበት። ያ ግዴታ ሱት ይባላል። ቆይቶ ፍርድ ቤት ጉዳይ መከታተሉ፣ ክሱ ራሱ፣ በዚያው ስም ተጠራ።

ልብሱስ? የጌታ አጃቢዎች አንድ ዓይነት ይለብሱ ነበር። ስለዚህ አብሮ የሚሄድ ነገር ሁሉ ሱት ተባለ። ካርታውም ያው ነው፤ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ሆነው የሚሄዱ አራት መደቦች።

አባቴ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ደንበኛው ሱሪው በካውያ ተቃጠለበትና ጥቁር ጨርቅ ገዝቶ መጣ። አባቴ ኮቱንና ጨርቁን በር ላይ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ዘረጋቸው። ኮቱ ጥቁር ነው፤ ጨርቁ ግን ወደ ቡና ዓይነት ይላል። «ይሄን ብሰፋልህ ኮትና ሱሪ ይኖርሃል እንጂ ሱፍ አይኖርህም» አለው። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። እኛ ልብሱን በጨርቁ ሱፍ ብንለውም፣ አባቴ እንግሊዝኛ ሳያውቅ ሱት ምን እንደሆነ ገብቶታል።

ሱተብልም ከዚሁ ነው፦ አብሮ የሚሄድ። ስለዚህ የጻፉልሽ «አትችይም» አይደለም፤ ከመደቡ ጋር አትሄጂም ነው። በእርግጥ የጻፈው ሰው ይህን ያህል አስቦበታል ብዬ አልምልም።

እኔን የሚገርመኝ የእኛው ነው። ተገቢ የምንለው ከ«ገባ» ነው። ፍርድ ቤት ስንሄድ ደግሞ የይገባኛል ጥያቄ እናነሳለን። መስማማትና ክስ እኛም ዘንድ የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፤ ያውም ከማንም ሳንዋስ።

በነገራችን ላይ ሰከንድም የዚያው የላቲን ግስ ዘር ናት። ሰዓት መጀመሪያ ለ60 ሲከፈል ደቂቃ፣ ደቂቃዋ እንደገና ለ60 ስትከፈል ሁለተኛዋ፣ ማለትም ተከታይዋ።