የፕሮስቴት ሌዘር፦ ለጠየቁት ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፣ እግዜር ይማርዎት። ሽንት እንዲቀልልዎት የሚወስዱት ታምሱሎሲን የተባለው መድኃኒት አልረዳዎትም፣ ያደገው የፕሮስቴት እጢ 95 ግራም ደርሷል፣ ሐኪሙም «ሌዘር ይሻልዎታል» ብሏል። እርስዎ ደግሞ «ያማል ወይ? ወንድነቴስ? ለፋሲካ አዲስ አበባ መሄድ እችላለሁ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ እዚሁ ሜሪላንድ ይህንኑ ኦፕራሲዮን አድርጌያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ታክሲ ነው የምነዳው። ያየሁትን ልንገርዎት።

መጀመሪያ የትኛው ሌዘር እንደሆነ ይጠይቁ። ግሪንላይት የሚባለው እጢውን እያተነነ መንገድ ይከፍታል። ሆሌፕ የሚባለው ግን ያደገውን ክፍል ከቅርፊቱ ፈልቅቆ ያወጣዋል፣ ብርቱካን እንደሚፈለፈል ማለት ነው። የተፈለቀቀው ፊኛ ውስጥ ይገባና እዚያው ተከትፎ ይመጠጣል። ሁሉም በሽንት ቧንቧ በኩል ስለሆነ ሆድ አይቀደድም። ድሮ የእርስዎን ያህል የተለቀ እጢ ብዙ ጊዜ ሆድ ተከፍቶ ነበር የሚወጣው። በሆሌፕ የወጣው ሥጋ ለምርመራ ይላካል፤ ካንሰር ቢኖርበት ይታወቃል። በግሪንላይት የሚተነው ግን የሚመረመር ነገር አይተርፈውም።

እኔ የተሠራሁት ሆሌፕ ነው። ለሐኪሙም ቀላል አይደለም፣ ለመልመድ ብዙ ታካሚ ይፈጃል። ስለዚህ «ዶክተር፣ ይህን ስንት ሰው ላይ ሠርተዋል?» ይበሉ። እኛ ሐኪም መጠየቅ ይከብደናል፣ እዚህ አገር ግን ነውር የለውም። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም አሁኑኑ ይንገሩት። እስከ ቀጠሮው ድረስ ደግሞ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖችን ይራቁ፤ ሽንት ጭራሽ ሊዘጉብዎት ይችላሉ።

ያማል ወይ ላሉት፣ ሲሠሩ በማደንዘዣ ስለሆነ ምንም አይሰማም። ሲነቁ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ገብቷል፣ ፊኛውን የሚያጥብ ጨዋማ ውሃ ይንቆረቆራል፣ ከረጢቱ ቀይ ነው። ከህመሙ ይልቅ የሚያስመርረው ሽንቴ መጣ መጣ የሚለው ስሜት ነው። ብዙ ጊዜ ካቴተሩ በማግሥቱ ይወጣል። የመጀመሪያው ሽንት ያቃጥላል፣ ግን ወንድሜ፣ ኃይሉ! ግድግዳ ተደግፎ መጠበቅ ቀረ።

በደንብ የማይነገረው የማምለጡ ነገር ነው። ሲያስሉ፣ ሲስቁ፣ ከወንበር ሲነሱ ጠብ ይላል። ከባድ ማንሳት ከተፈቀደልኝ በኋላ እንኳ ዳለስ ኤርፖርት የመንገደኛ ሻንጣ ሳነሳ ያመልጠኝ ነበር። ፓድ ይግዙ፣ አይፈሩ። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይተወዋል። ሽንት መሀል ላይ የሚያቆሙበትን ጡንቻ መጨበጥና መልቀቅ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይጀምሩ። እኔ ቀይ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር አደርገው ነበር። ማን ያያል?

ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ጠራ ያሉት ሽንት እንደገና ሊቀላ ይችላል። ውስጥ ያለው የቁስል ቅርፊት ሲረግፍ ነው። ውሃ ይጠጡ። የረጋ ደም እየወጣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ወንድነትን በተመለከተ፣ መቆሙ አብዛኛውን ጊዜ እንደነበረው ይቀጥላል። የዘር ፈሳሹ ግን ወደ ኋላ ወደ ፊኛ ይመለሳል፤ ከሆሌፕ በኋላ ይህ የብዙዎች ዕጣ ነው። ደስታው አለ፣ የሚወጣ ነገር የለም። ለባለቤትዎ ቀድመው ይንገሯት፣ አለበለዚያ ሌላ ታስባለች። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለዎት ደግሞ ከቀጠሮው በፊት ሐኪሙን ያማክሩ።

አንድ ሌላ ነገር። የእጢው የውጭ ቅርፊት ስለሚቀር ካንሰር በኋላም ሊመጣ ይችላል። ፒኤስኤ የሚባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ አያቋርጡ።

ቀጠሮዎ ሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል የንስሐ አባትዎን ቀድመው ያነጋግሩ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መዋል በዚያ ሰሞን አይሆንም። ምግቡስ ግድ የለም፣ ሽሮውም ጎመኑም ተልባውም ሆድ ስለሚያለሰልስ ጥሩ ነው፤ ማማጥ ደም ያስነሳል። ቡናውን ግን ቀነስ ያድርጉት።

ጉዞውን ሐኪሙ ነው የሚፈቅደው። ከዳለስ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ መቀመጥ ነው። አየር ላይ ሽንት ቢዘጋ ወይም ደም ቢነሳ የሚደርስልዎት የለም፤ ረጅም መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል። ትኬት ከቆረጡ ቀኑ የሚቀየር ዓይነት ይሁን፣ ወንበሩም ወደ መተላለፊያው በኩል፣ ለሽንት ቤቱ ቀረብ ያለ።