የዲዝኒ ወርልድ የምግብ ፕላን፦ ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው ያዋጣል? ጥያቄና መልስ

ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ወዳለው የዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ልጆች ይዞ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሆቴልና ትኬት ሲያስይዝ «የምግብ ፕላን ይጨመር?» ይሉታል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ማብራሪያው ደግሞ ያደናግራል። የቤተሰብ ጉዞ ማደራጀት እንጀራዬ ስለሆነ ይሄን ነገር ከነጣጣው አውቀዋለሁ። ጠይቁኝ፣ በቀጥታ እመልሳለሁ።

ጥ፦ እህቴ፣ ከስሩ ጀምሪልን። የሚሸጡልን ነገር ምንድን ነው?

መ፦ ምግብ ነው፣ ገና ሳትበሉት የተከፈለበት። ሂሳቡ በክሬዲት ነው የሚያዘው፤ ክሬዲት ማለት አስቀድሞ የተከፈለበት የአንድ ምግብ ወይም የአንድ መክሰስ ድርሻ ነው። ሁለት ዓይነት ፕላን አለ። ትንሹ ኩዊክ ሰርቪስ ይባላል፤ ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ካውንተር ላይ የሚታዘዝ ሁለት ምግብ፣ አንድ መክሰስ፣ እና ሆቴሉ ውስጥ ለስላሳና ቡና እየሞላችሁ የምትጠጡበት ኩባያ ይሰጣል። ትልቁ ፕላን ከሁለቱ ምግቦች አንዱን አስተናጋጅ ባለበት ሬስቶራንት ተቀምጣችሁ እንድትበሉ ያደርጋል፤ ሌላው ያው ነው።

ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው በሌሊት ነው። አምስት ሌሊት ያደረ ቤተሰብ ስድስት ቀን ይበላል፣ ክሬዲቱ ግን የአምስት ሌሊት ነው። በዚያ ላይ ዋና ምግቡ ሁለት ነው፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ተከፍሎልኛል ብሎ የሄደ ሰው እዚያ ሲደርስ ካርዱን ማውጣቱ አይቀርም።

ጥ፦ በቁጥር አሳዪኝ። እኔና ባለቤቴ፣ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች፣ አምስት ሌሊት።

መ፦ ፕላኑ በኮሮና ጊዜ በፈረንጆቹ 2020 ቆሞ ነበር፤ የተመለሰው ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ነው። ሲመለስ የአንድ ሌሊት ዋጋው ትንሹ ለአዋቂ 57.01 ዶላር፣ ለልጅ 23.83፤ ትልቁ ለአዋቂ 94.28፣ ለልጅ 29.69 ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ አንተ የምታስይዝበትን ዋጋ አይተህ በቦታው ተካ፣ አሠራሩ አይቀየርም። በነዚህ ዋጋዎች አራታችሁ በትንሹ ፕላን ለአምስት ሌሊት 808.40 ዶላር ትከፍላላችሁ። በትልቁ 1,239.70።

አሁን የአዋቂውን 57 ዶላር ዘርዝረን እንየው። ካውንተር ላይ በርገር ከድንች ጥብስ ጋር 15 ዶላር ገደማ ነው፣ ለስላሳው 5። ሁለት ጊዜ ስትበላ 40 ዶላር ሆነ። መክሰሱን 7 በለው። ኩባያው ብቻውን ሲገዛ ከ20 ዶላር ትንሽ ያልፋል፤ ለአምስት ሌሊት ሲካፈል ወደ 5 ዶላር ይመጣል። ድምሩ 52። ስለዚህ 57 ከፍለህ የ52 ትበላለህ፣ እሱም አንዲት ክሬዲት ሳትቀር ከተጠቀምክ ነው። ምግብ መርጠህ ሁልጊዜ ውዱን ካዘዝክ ልትመልሰው ትችላለህ፤ ግን ለእረፍት ሄዶ ሜኑ ላይ ውድ ውዱን ማደን ለኔ እረፍት አይመስለኝም።

ጥ፦ እና ማንም አያተርፍም ማለት ነው?

መ፦ የሚያተርፉ አሉ። አንደኛ፣ መጠጥ የሚጠጡ አዋቂዎች። 21 ዓመት የሞላው ሰው ከምግቡ ጋር በለስላሳው ፈንታ ቢራ፣ ወይን ወይም ኮክቴል መውሰድ ይችላል፤ መጠጥ ደግሞ እዚያ ውድ ስለሆነ ሂሳቡ ወዲያው ይገለበጣል። የማይጠጣ ሰው የጠጪውን ዋጋ አብሮ እየከፈለ ነው፣ በግልጽ አማርኛ።

ሁለተኛ፣ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች፣ በተለይ በትልቁ ፕላን። እነ ሚኪ ማውስ በየጠረጴዛው እየዞሩ ልጆቹን የሚያቅፉበት፣ ፎቶ የሚያስነሱበት ቡፌ አለ። ሼፍ ሚኪስ በሚባለው ሬስቶራንት እራት ለልጅ ብቻ ከ40 ዶላር ያልፋል፣ የሚወስደው ግን አንድ የሬስቶራንት ክሬዲት ነው። የልጁ የሙሉ ሌሊት ፕላን ደግሞ 30 ዶላር አይሞላም ነበር። በአንዷ እራት ብቻ ክፍያው ተመልሶ፣ ሌላኛው ምግብ፣ መክሰሱና ኩባያው ትርፍ ሆነ ማለት ነው። ለ2026 ደግሞ ዲዝኒ አዋቂዎቹ ፕላን ያለው ፓኬጅ ከገዙ ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች የምግብ ፕላኑን በነጻ እሰጣለሁ ብሏል። ዝርዝሩን ስታስይዙ አስረግጣችሁ ጠይቁ፤ ግን የእውነት ከሆነ ቤታችሁ ካለው የልጅ ብዛት ጋር መልሱ ይቀየራል።

ጥ፦ እኛ አዋቂዎቹ እንቅርና ለልጆቹ ብቻ መግዛት አይቻልም?

መ፦ ይሄን ሁሉም ሰው ያስባል፣ እነሱም አስበውበታል። አይቻልም። በአንድ ቡኪንግ (አንድ ላይ በተያዘ ቦታ) ላይ ያላችሁ፣ 3 ዓመት የሞላችሁ በሙሉ መግዛት አለባችሁ፤ ያውም አንድ ዓይነት ፕላን።

ጥ፦ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው። በቀን አንዴ ነው የምትበላው፣ እሷም ትንሽ። ለሷም ልክፈል?

መ፦ አንድ ቡኪንግ ላይ ካለች አዎ፣ ሙሉ የአዋቂ ዋጋ። ለማንኛውም ሁለት ክፍል የምትይዙ ከሆነ ግን እሳቸውን በሌላኛው ክፍል ስም፣ በተለየ ቡኪንግ አስይዢያቸው፤ ያኔ ያለ ፕላን ይመጣሉ። አንድ ክፍል ውስጥ የምትጨናነቁ ከሆነ በእውነቱ ፕላኑን እርሱት። ትንሽ የሚበላ አንድ አዋቂ የሌላውን ሁሉ ትርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል።

ጥ፦ ልጄ 10 ዓመቷ ነው፤ የምትበላው ግን እንደ ወፍ ነው።

መ፦ ዲዝኒ ቤት 10 ዓመት አዋቂ ነው። ሙሉውን የአዋቂ ዋጋ ነው የምትከፍይላት፣ ከልጆች ሜኑ ብታዝዝም ባታዝዝም። ለናንተ ዓይነት ቤተሰብ ምክሬ አጭር ነው፦ አትግዙ። ልጆቹ 10፣ 13፣ 15 የሆኑበት ቤት ከሁሉም የበለጠ የሚጎዳው ነው። ጎረምሳ ወንድ ልጅ ያለው ግን ይቺን ምክር ሰምቶ እንዳይቸኩል፣ የሚበላውን አይቶ ይወስን።

ጥ፦ የሁለት ዓመት ልጅስ?

መ፦ ከ3 በታች ፕላኑ ውስጥ የለም። ከናንተ ሳህን ይበላል፤ ቡፌ ላይም አይከፈልለትም።

ጥ፦ ቲፕ ተካትቷል?

መ፦ ታክሱ አዎ፣ ቲፑ አይደለም። አስተናጋጅ ባለበት ሬስቶራንት በየቀኑ ከበላችሁ፣ ቲፑ የሚሰላው ምግቡ በዋጋው ቢሆን ኖሮ በሚመጣው ሂሳብ ላይ ነው። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ 18 በመቶ ራሳቸው ይጨምሩበታል። «ሁሉንም ከፍያለሁ» ብሎ ለሄደ ሰው ይሄ ደስ አይልም፤ ስለዚህ በበጀታችሁ ላይ ከፕላኑ ጎን ለብቻው ጻፉት።

ጥ፦ በሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ መብላት ልጄ እጅግ ትመኛለች። በክሬዲት ይሆናል?

መ፦ ይሆናል፣ ግን በአንድ ሰው ሁለት የሬስቶራንት ክሬዲት ይወስዳል። የአንድ ሌሊት ሳይሆን የሁለት ሌሊት ድርሻ በአንድ ማዕድ ሄደ ማለት ነው። ዋጋው ደግሞ የሼፍ ሚኪስን እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ፕላን ከገዛሽ ቤተ መንግሥቱን በካርድሽ ክፈይ፣ ሁለቱን ክሬዲት ሁለት ሌላ ቦታ ብሉበት። ካሊፎርኒያ ግሪል የሚባለው ሬስቶራንትም ሁለት ከሚወስዱት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መብላት የምትፈልጉባቸውን ቦታዎች ጽፋችሁ የትኛው አንድ፣ የትኛው ሁለት እንደሚወስድ እዩ። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ያላጠፋ ሰው ትልቁን ፕላን ባይገዛ እመርጣለሁ።

ጥ፦ ቦታ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው ወይስ ደርሶ ይገባል?

መ፦ ፕላን መግዛት ወንበር አያስገኝም! ይሄን በትልቁ ጻፉልኝ። የሬስቶራንቶቹ ቦታ መያዣ ከ60 ቀን በፊት ይከፈታል፤ የዲዝኒ ሆቴል የያዘ ሰው ደግሞ ከሚገባበት ቀን 60 ቀን ሲቀረው የቆይታውን እስከ 10 ቀን በአንዴ መያዝ ይችላል። ተፈላጊዎቹ በጠዋት ያልቃሉ። ክሬዲቱ እጃችሁ ላይ እያለ ሚኪ ያለበት ቦታ ሁሉ ሞልቶ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከደከሙ ልጆች ጋር ስልክ ላይ አፍጥጦ ወንበር መፈለግ የሚያጋጥመው ያልያዘውን ነው።

ጥ፦ ካውንተር ላይ በተግባር እንዴት ነው የሚሆነው? ባለቤቴ ሰው ፊት መከራከር አይወድም።

መ፦ ምንም ክርክር የለውም። ስልካችሁ ላይ ባለው የዲዝኒ አፕ ታዛላችሁ፣ ክፍያው ላይ ፕላኑን ትመርጣላችሁ፣ ሲደርስ ትወስዳላችሁ። ወይም እጅ ላይ የሚታሰረውን የዲዝኒ ባንድ አስነክታችሁ ትከፍላላችሁ። ደረሰኙ ላይ የቀረላችሁ ይጻፋል፤ አትጣሉት።

የሚያምታታው ምን እንደተካተተ ነው። ካውንተር ላይ አንድ ክሬዲት ማለት አንድ ዋና ምግብና አንድ መጠጥ ነው። ልጁ በርገሩን ይዞ እዚያው መስታወቱ ውስጥ ያለውን ኬክ ሲጠቁም፣ ኬኩ ከምግቡ ጋር አይቆጠርም፤ የመክሰስ ክሬዲት ይሄዳል፣ ወይም ካርድ ይወጣል። ጣፋጭ ከምግቡ ጋር የሚመጣው ተቀምጣችሁ በምትበሉበት ሬስቶራንት ነው። ይሄን ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ወረፋ ላይ ማስረዳት ከባድ ነው።

ጥ፦ ያልበላነው ይመለስልናል?

መ፦ አይመለስም። ከሆቴል በምትወጡበት ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይሞታል። ጥሩው ነገር በየቀኑ ተካፍሎ መብላት ግዴታ አይደለም፤ አንድ ቀን ምንም ሳትነኩ በማግስቱ የሁለት ቀኑን መጠቀም ትችላላችሁ። መጥፎው ነገር ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቆጥባል፣ መጨረሻ ላይ ይበዛበታል። የመጨረሻው ቀን ላይ ያልራባቸው ልጆች እጅ ላይ ሦስት አይስክሬም ካያችሁ፣ ወላጆቻቸው ክሬዲት እያቃጠሉ ነው።

ጥ፦ እኛ የምናርፈው ኩሽና ያለው የኪራይ ቤት ነው፣ ከፓርኩ ውጭ።

መ፦ እንግዲያው ፕላኑ ለናንተ አይሸጥም፤ ለዲዝኒ ሆቴል እንግዶች ነው። አትቆጩ ደግሞ። ቁርስ ቤት በልታችሁ፣ ሳንድዊችና ፍራፍሬ ይዛችሁ ግቡ። ዲዝኒ ምግብና ከአልኮል ነጻ መጠጥ ማስገባት ይፈቅዳል፤ የብርጭቆ ጠርሙስ አይግባ ብቻ። በገንዘብ ደረጃ ይሄን የሚያሸንፍ ፕላን የለም።

ጥ፦ ስጋም ወተትም የማንበላ ቤተሰብ ነን። ብንገዛ የምንበላው እናገኛለን?

መ፦ ታገኛላችሁ። ሜኑዎቹ ላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነው ምግብ ጎን የቅጠል ምልክት አለ። ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። ፕላኑ የሚያዋጣው ስቴክ ለሚያዝ ሰው ነው፤ የአትክልት ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚረክስ በየምግቡ ብትከፍሉ ይሻላችኋል።

ጥ፦ ዲዝኒላንድ ፓሪስስ?

መ፦ እዚያ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ሃፍ ቦርድና ፉል ቦርድ ይሉታል። ሃፍ ቦርዱ የሆቴል ቁርስና አንድ ተጨማሪ ምግብ ነው፣ ፉል ቦርዱ ሦስቱንም ይይዛል። የልጅ ዕድሜ እዚያ እስከ 11 ነው፤ የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ ያለው ሰው ይተነፍሳል። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ የማይወጣ ቤተሰብ ከሆናችሁ ሃፍ ቦርዱን እዩት። ፉል ቦርዱ ግን ከቁርሱ ሌላ ሁለቴ ተቀምጦ መብላት ስለሆነ ቀኑን ይበላዋል።

ጥ፦ ሲወርልድ የሚባለው ሌላ ፓርክ ላይ ቀኑን ሙሉ ብሉ የሚል አይቻለሁ።

መ፦ እሱ የአንድ ቀን ነው፤ ክንድ ላይ ባንድ ያስሩልሃል፣ በየተወሰነ ደቂቃ ልዩነት እየተመለስክ ትበላለህ። አንድ ባንድ ለአንድ ሰው ነው፣ አንዱን ገዝቶ ለአራት መካፈል ክልክል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ለሚቆይና ብዙ ለሚበላ ሰው ጥሩ ነው። ግማሽ ቀን ለሚቆይ አይሆንም።

ጥ፦ ያዋጣል አያዋጣም ትቼው፣ እዚያ ሆኜ ስለ ገንዘብ ማሰብ አልፈልግም። ይሄ ምክንያት አይሆንም?

መ፦ ይሆናል፣ እንዲያውም በጣም። ልጁ ውሃ በጠየቀ ቁጥር ዋጋ የሚያሰላ አባት ለራሱም ለቤቱም ጭንቀት ነው። ትንሹን ፕላን ግዛና አምስትና አስር ዶላር ለሰላምህ ከፈልክ በል፤ ትንሹን ያልኩህ ሰዓት ስለማያስይዝህ ነው። ሌላው መንገድ፣ ያንኑ 800 ዶላር የዲዝኒ ጊፍት ካርድ ገዝተህ ከሱ ብቻ መብላት ነው። ቀድመህ ከፍለሃል፣ ልክህን ታውቃለህ፣ የተረፈውን ደግሞ እኩለ ሌሊት አይወስድብህም። እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው ይሄንን ነው።

ጥ፦ የመጨረሻ፦ ኩባያው ፓርክ ውስጥም ይሞላል?

መ፦ አይሞላም፣ ሆቴሎቹ ውስጥ ብቻ ነው። ፓርክ ውስጥ ሲጠማችሁ መጠጥ ወደሚቀዳበት የምግብ ካውንተር ሄዳችሁ በረዶ ያለው ውሃ ጠይቁ፤ በነጻ ይሰጧችኋል።