ለራስ ወይም ለወላጅ የአረጋውያን መኖሪያ ስለ መምረጥ፦ ጥያቄና መልስ

ለበርካታ ዓመታት በአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ በነርስነት ሠርቻለሁ፤ በኋላም ለገዛ እናቴ የሚስማማ ቦታ ለማግኘት ከወንድሞቼ ጋር ከበር ወደ በር ዞሬአለሁ። የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በሁለቱም ወገን ቆሜ ባየሁት መጠን እመልሳለሁ። ሕጉና የክፍያው ሥርዓት ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የትም ቢሆን በማይለወጠው ጉዳይ ላይ አተኩራለሁ።

ጥያቄ፦ አባታችን 81 ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን መኖር እየከበዳቸው መጥቷል፤ የትኛው ዓይነት መኖሪያ እንደሚያስፈልጋቸው ግን መለየት አልቻልንም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከአባታችሁ ውሎ ጀምሩ፤ መኖሪያዎቹን ማየት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሲድኒ ካትዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የሚጠይቀውም ስድስት ነገሮችን ነው፦ ገላን መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ተነሥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እና በራስ እጅ መመገብ። በ1969 ደግሞ ላውተን እና ብሮዲ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ቀደም ብለው የሚዳከሙትን ተግባራት፣ ማለትም ገንዘብ መያዝን፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድን፣ ምግብ ማብሰልን፣ ገበያ መሄድን፣ ስልክ መጠቀምንና የመሳሰሉትን የሚመዝን ሌላ መለኪያ አዘጋጁ። ሁለት ሳምንት ወስዳችሁ አባታችሁ እያንዳንዱን ተግባር ብቻቸውን፣ በሰው እገዛ ወይም ፈጽሞ ሳይችሉ የሚቀሩ መሆኑን በማስታወሻ ያዙ፤ ሌሊቱንም አትርሱ።

የተዳከመው ሁለተኛው ረድፍ ብቻ ከሆነ፣ የራሳቸው ክፍል ኖሯቸው ምግብና ጽዳት የሚቀርብበት መኖሪያ ይበቃቸዋል። ከስድስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ እገዛ የሚሹ ከሆነ፣ ተንከባካቢ በየዕለቱ የሚያግዝበት ቦታ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ከተዳከሙ፣ ወይም ቁስል መጥረግንና በቱቦ መመገብን የመሰለ ሕክምና ካለ፣ ነርስ ቀንና ሌሊት የማይለይበትን ማዕከል ፈልጉ። ሦስቱንም በአንድ ግቢ ያሰባሰቡ መኖሪያዎች አሉ፤ ሁኔታው ሲለወጥ አዛውንቱ ከሚያውቋቸው ጎረቤቶች ርቀው ስለማይሄዱ፣ አቅም ለሚፈቅድለት ቤተሰብ ይህን አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ ለጉብኝት ስንሄድ የሚያሳዩን የተዋበውን ሳሎንና የአትክልት ቦታውን ነው። ምን ማየት አለብን?

መልስ፦ አንድ ጉብኝት አይበቃም። አንድ ጊዜ በቀጠሮ ሂዱ፤ አንድ ጊዜ በምሳ ወይም በእራት ሰዓት ሳታሳውቁ ሂዱ፤ ሦስተኛውን በዕረፍት ቀን ወደ ማምሻው አድርጉት፤ ምክንያቱም ኃላፊዎቹ ቤታቸው በሚሆኑበት ሰዓት ያለው አያያዝ ነው የቦታውን እውነተኛ መልክ የሚያሳየው።

እኔ በመጀመሪያ የማየው የነዋሪዎቹን መነጽርና መስማት ለሚከብዳቸው የሚደረገውን የመስሚያ መሣሪያ ነው። መነጽሩ በጣት አሻራ ከተሸፈነ፣ የመስሚያ መሣሪያውም ባትሪ ካለቀበት ወይም መሳቢያ ውስጥ ከቀረ፣ ያ ሰው ማለዳ ሲነሣ አምስት ደቂቃ የሚሰጠው ሰው እንዳላገኘ አውቃለሁ። ቀጥሎ የመጠጥ ውኃው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ መቀመጡን፣ ጥፍራቸው መቆረጡን፣ የራሳቸውን ልብስ መልበሳቸውን እመለከታለሁ። በምግብ ሰዓት፣ የሚያጎርሰው ሠራተኛ ተቀምጦ ፊት ለፊት እያያቸው ነው ወይስ ቆሞ ከሌላ ሠራተኛ ጋር እያወራ? የመጥሪያ ደወል ሲጮኽ ሰዓታችሁን ተመልክታችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ቁጠሩ። አንድ ክፍል ውስጥ ለአፍታ የሚሰማ መጥፎ ሽታ የተለመደ ነው፤ በየመተላለፊያው የማይለቅ የሽንት ሽታ ግን ሰዎች በሰዓቱ እንደማይለወጡ ይናገራል፤ ሽታውን ለመሸፈን የተረጨ ከባድ ሽቶም እንዲሁ።

ነዋሪዎቹን ሠራተኛ በሌለበት አነጋግሩ። «እዚህ ተመችቶዎታል?» ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኞቹ በጨዋነት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያልፋሉ፤ ስለዚህ «ዛሬ ጠዋት በስንት ሰዓት ተነሡ? ሰዓቱን የመረጠው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስለ ሠራተኞች ብዛት ስንጠይቅ «በቂ ነው» ይሉናል።

መልስ፦ ጥያቄውን በፈረቃ ከፍላችሁ አቅርቡት። በሌሊት ፈረቃ አንድ ተንከባካቢ ስንት ነዋሪ ይጠብቃል? ነርስ በግቢው ውስጥ ታድራለች ወይስ በስልክ ትጠራለች? ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሠራተኛ ለቀቀ? ኃላፊውና ዋናዋ ነርስ እዚህ ከሠሩ ምን ያህል ጊዜ ሆናቸው? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። አንድን አዛውንት ለሁለት ዓመት ያጠበች ተንከባካቢ፣ ጀርባቸው ላይ የጀመረውን ቅላት የአልጋ ቁስል ሳይሆን ታየዋለች፤ በሳምንቱ የምትቀያየር ሠራተኛ ግን ትናንት ያልነበረውን ነገር የምታውቅበት መንገድ የላትም። ሕንፃው አሮጌ ሆኖ ሠራተኞቹ የማይለቁበትን ቦታ፣ አዲስ ሆኖ ሠራተኛ ከማይረጋበት አስበልጣለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት። የተለየ ማዕከል ያስፈልጋታል?

መልስ፦ እንደ ደረጃው ነው። መንገድ የምትስት፣ እሳት ለኩሳ የምትረሳ ወይም በሌሊት ከቤት የምትወጣ ከሆነ፣ አዎን። ከመርሳት በሽታዎች ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚይዘው አልዛይመር ነው፤ በሽታው እየገፋ የሚሄድ ስለሆነም ለዛሬዋ እናትሽ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ለምትሆነውም ምረጪላት። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ፀሐይ ስትጠልቅ እረፍት ያጣሉ፤ በዚያን ሰዓት ሄደሽ ምን እንደሚደረግላቸው ተመልከቺ። በሩ መቆለፉ ብቻውን አያሳስበኝም፤ ከተቆለፈው በር ወዲህ የሚንሸራሸሩበት ክብ መንገድና ግቢ ከሌለ ግን ያሳስበኛል።

አንድ ጥያቄ ሳትጠይቂ አትመለሺ፦ «ነዋሪ አልታጠብም ብሎ ሲቆጣ ምን ታደርጋላችሁ?» «ትተነው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ምናልባትም ሌላ ሠራተኛ ልከን እንሞክራለን» የሚል መልስ ሥልጠና መኖሩን ያሳያል። «ማረጋጊያ መድኃኒት እንሰጣለን» የሚል ከሆነ ተጠንቀቂ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙና ለማረጋጊያም የሚውሉ (አንቲሳይኮቲክ የሚባሉ) በወቅቱ አዳዲስ የነበሩ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞትን አደጋ እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል፤ በ2008 ማስጠንቀቂያውን ወደ ቀደምቶቹ መድኃኒቶችም አስፍቷል። ይህ ማለት ፈጽሞ አይሰጡም ማለት ሳይሆን፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ፣ ቤተሰብ አውቆት፣ ለአጭር ጊዜና በሐኪም ክትትል ብቻ ይሰጣሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እንዳይወድቁ አልጋ ላይ ማሰር ወይም ከፍ ያለ የአልጋ መከለያ ማድረግ ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ማሰር ጡንቻን ያደክማል፤ መከለያውን ለመሻገር የሚሞክር ሰው ደግሞ ከበለጠ ከፍታ ይወድቃል። ዝቅ የሚል አልጋ፣ የሌሊት መብራት፣ የማያንሸራትት ጫማና የመድኃኒት ግምገማ ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ ውሉ በጣም ረጅም ነው። የትኛውን ክፍል በጥንቃቄ እናንብብ?

መልስ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፤ ይህን የማይፈቅድ ቦታ ከዝርዝራችሁ ይውጣ። በመነሻው ክፍያ ውስጥ የተካተተውንና ለብቻው የሚከፈለውን ለዩ፤ መድኃኒት መስጠትና ዳይፐር ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። የእንክብካቤው ደረጃ ከፍ ብሏል ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ክፍያውም ከስንት ጊዜ ማስታወቂያ በኋላ እንደሚጨምር ተመልከቱ። ነዋሪው ሆስፒታል ሲተኛ ክፍሉ ይጠበቅለታል? እየተከፈለበት ነው? በምን ምክንያት ሊያስወጧቸው ይችላሉ? ገንዘባቸው ቢያልቅስ? ልጅ ሆናችሁ ስትፈርሙም በወላጃችሁ ውክልና ወይስ በራሳችሁ ስም ተያዥ ሆናችሁ እንደምትፈርሙ አረጋግጡ፤ ልዩነቱ ዕዳው በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚወስን ነው።

ጥያቄ፦ እኔ 74 ዓመቴ ነው፤ ጤነኛ ነኝ። ለራሴ መምረጥ ይቸኩላል?

መልስ፦ አይቸኩልም፤ እንዲያውም ትክክለኛው ጊዜዎ ይህ ነው። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ በሁለት ቀን ውስጥ የሚደረግ ምርጫ፣ ምርጫ ሳይሆን ክፍት አልጋ ያለበትን መቀበል ነው። ላንገር እና ሮዲን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የአረጋውያን ማዕከል ውስጥ ትንንሽ ውሳኔዎችን እንዲወስኑና አንድ ተክል እንዲንከባከቡ የተደረጉት ነዋሪዎች፣ ሁሉ ነገር ከተደረገላቸው ይልቅ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ የእንቅልፍ ሰዓትዎን፣ ምግብዎን፣ እንግዳዎን ራስዎ የሚወስኑበትን ቦታ ይፈልጉ። ከተቻለ ለሁለት ሳምንት ገብተው ይሞክሩት፤ ምርጫዎንም በጽሑፍ ለልጆችዎ ይስጡ።

ጥያቄ፦ እናታችን «ልትጥሉኝ ነው» ብላ ታለቅሳለች። ልቤ አልቻለም።

መልስ፦ ይህን ቃል ከገዛ እናቴ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ክብደቱን አውቀዋለሁ። ያንጊዜ የተሳሳትነው ውሳኔውን በእኛ ዘንድ ጨርሰን በመንገራችን ነበር። ከመጀመሪያው ጉብኝት ጀምሮ እናትህን ይዘሃት ሂድ፤ የማይሆነውን እሷው ትጣል። ልትጠብቀው የማትችለውን ቃል ግን አትግባላት፤ «ትንሽ ቆይተሽ ትመለሻለሽ» የሚለው ማባበያ፣ ውሎ አድሮ ሲታወቅ ከመሄዱ ይበልጥ ይጎዳታል። በየትኛው ቀን እንደምትመጣ ንገራት፤ በዚያ ቀንም ተገኝ። በሌሊት ስታነሣት ወገብህ የተቀጨ፣ በድካም የምትቆጣት ልጅ ከመሆን፣ ሌላ ሰው አጥቧት አንተ እጇን ይዘህ የምትቀመጥ ልጅ መሆን ይሻላል፤ ይህም መጣል አይደለም።

ጥያቄ፦ የተሻለው ሩቅ ነው፤ መካከለኛው ደግሞ ለቤታችን ቅርብ ነው።

መልስ፦ አያያዙ ደኅና እስከሆነ ድረስ ቅርቡን። ቤተሰብ በማይታወቅ ሰዓት ብቅ የሚልበት ነዋሪ የተሻለ ትኩረት ሲያገኝ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ አይቻለሁ፤ እንዲህ መሆን ባይኖርበትም።

ጥያቄ፦ ስትገባ ምን ይዛ ትግባ?

መልስ፦ የራሷን ወንበር፣ የለመደችውን ብርድ ልብስ፣ ፎቶግራፎቿንና ቁጥሩ ጎልቶ የሚታይ ሰዓት። አልጋዋንም እቤት በምትነሣበት ጎን በኩል እንድትወርድ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትነሣ እግሯ የሚፈልገው የለመደውን አቅጣጫ ነው።