ካሜራው ወደ ማን ነው የዞረው?

ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልዲያ ክሊፕ ሠሪ ልጆቼ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ጡረታ የወጣሁ ኤዲተር ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው ምስል ስቆርጥና ስቀጥል ነው። አንዳንዶቻችሁ ሥራችሁን በቴሌግራም ስትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ድሮናችሁ የጦሳን ተራራ ሲዞር፣ አቤት ማማሩ! ስለ በደል የሚያወራ ዘፈን ሲመጣ ግን ሁላችሁም አንድ ዓይነት ነገር ትሠራላችሁ። ድሃ ትፈልጉና ፊቱ ላይ ካሜራ ትደግናላችሁ። እንባ በስሎው ሞሽን፣ ቀጥሎ ዘፋኙ በሌዘር ጃኬት። በቃ።

በዚህ ነገር ወሎዬ ቢቆጣ አይፈረድበትም። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። መንግሥት የሸፈነው ጉድ ወጣ። ደርግ ደግሞ ያንኑ ፊልም ወስዶ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀጣጠለው። በአንድ በኩል አጥንቱ የቀረ የእኛ ሰው፣ ወዲያው ደግሞ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። በ1967 የአዲስ ዓመት ዕለት ማታ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

በእርግጥ የወረዱት በፊልም ብቻ አይደለም፤ ወታደሩ ቀድሞ ጨርሶት ነበር። የሕዝቡን ልብ ያሻከረው ግን ያ ቅንብር ነው። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጥ ተራኪ ሳያስፈልግ ክስ ይሆናል። ፕሮፓጋንዳም እንደነበር አትርሱ። እነዚያው ሰዎች የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ሲያከብሩ ወሎ እንደገና እየተራበ ነበር። ያንን ድግስ ከረሃቡ ጋር የቀጣጠለ የአገር ውስጥ ኤዲተር አልነበረም።

በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ኮረምን አሳዩ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ከዚያ ምስል ባንድ ኤይድ የተባለው የፈረንጅ ዘፋኞች ስብስብ የእርዳታ ዘፈን ተወለደ። ገንዘብ ተሰብስቦበታል፤ ያንን አልክድም። ክሊፑን ግን እዩት፤ ስቱዲዮ ገብተው የሚዘፍኑ ዝነኞች ናቸው። ርዕሱም የገና በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ላሊበላ ያለበትን አገር! ረሃቡን ጦርነት እንዴት እንዳባባሰው፣ ማን እህል እንደከለከለ አንዲት ፍሬም አትነግራችሁም።

አሁን ከዚያ ጋር የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቻይልዲሽ ጋምቢኖን ‘ዲስ ኢዝ አሜሪካ’ ክሊፕ አነጻጽሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሂሮ ሙራይ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የምንለውን በካሜራ ሠርተውታል። ከፊት ዘፋኙ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከለበሱ ልጆች ጋር ይጨፍራል። ዓይናችሁ እሱ ላይ ይቀራል። ከኋላ ግን ሰው ይሯሯጣል፣ መኪና ይቃጠላል። የተገደለው ሰው እየተጎተተ ሲወሰድ፣ ሽጉጡ ግን በቀይ ጨርቅ በክብር ይያዛል። እዚህ ቦታ ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ እዩ። የሚያለቅስ ፊት የለም። ምን እንደሚከበርና ምን እንደሚጣል ብቻ አሳየ፤ ተመልካቹም ጭፈራውን ሲያይ ኋላውን ሳያይ በመቅረቱ ራሱን ይታዘባል።

ማይክል ጃክሰንም እ.ኤ.አ. በ1996 ከፊልም ዳይሬክተሩ ከስፓይክ ሊ ጋር ብራዚል ሄዶ ሪዮ ውስጥ ዶና ማርታ የሚባል የድሆች ሰፈር ገብቶ የ‘ዜይ ዶንት ኬር አባውት አስ’ን ክሊፕ ቀረጸ። ባለሥልጣናቱ የከተማዋ ስም ይጠፋል ብለው ተቃወሙ። ሳልቫዶር በምትባለው ሌላዋ የብራዚል ከተማ ደግሞ የኦሎዱም ከበሮ መቺዎች መንገዱን ሞልተው ይመታሉ። ድሃው እዚያ አይለመንለትም፤ ይጮኻል። እናንተንም አንድ ቀን አንዱ ኃላፊ ገጽታችንን አበላሻችሁ ይላችኋል። አብሽሩ።

ወደ እኛው እንመለስ። ሰሞኑን ወደ ሳዑዲ ስለሚሄዱ እህቶቻችን የምትሠሩት በዝቷል። ጥሩ ነው፤ ወሎ ውስጥ ይህ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። ግን ሻንጣ፣ እንባ፣ የእናት ነጠላ ብቻ። ደላላው የት አለ? ብር የሚቆጥር እጅ አሳዩን። አሠሪዋ የቆለፈበትን ፓስፖርት አሳዩን። ለጉዞዋ የተሸጠው በሬ የሚታሰርበትን ባዶ ቦታ አሳዩን። ለዚህ ድሮን አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል።

ከስደት የተመለሰች ልጅ ካስቀረጻችሁም ገና ሳትጀምሩ ምን እንደምትሠሩ ንገሯት። ፊቷ እንዳይታይ ከፈለገች እጇን ቅረጹ። ኤዲት ጨርሳችሁ ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ስልኩን ይዛችሁ ቤቷ ሂዱና አሳዩዋት። ይህቺ ትውጣ ያለቻችሁን ቦታ አውጡ፤ ለእናንተ የክሊፑ ምርጥ ሾት ብትሆንም።