ያላለቀው ሲጋራ፦ ለወጣት አማካሪዎች

ልጆቼ፣ ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ከተቀመጥሁ ወዲህ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ወታደር ሲጋራ እንዲተው መምከር እንዴት አላታከተዎትም?» ያቆየኝ ደመወዙ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ወጣት ድሬሰር (ቁስል የሚያክም የጤና ረዳት) ሳለሁ አንድ ቁስለኛ ወታደር እጁ መንቀጥቀጡን አላቆም ብሎ አስቸገረኝ። እንዲረጋጋ ብዬ ሲጋራ ለኩሼ ከንፈሩ ላይ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት አጭሶ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ ገበያ መሐል አገኘሁትና እያሳለ ሳቀ፤ «ዶክተር፣ ያኔ የሰጡኝ ሲጋራ እኮ እስካሁን አላለቀም» አለኝ። (ድሬሰሩን ሁሉ ዶክተር ማለት ልማድ ነበር።) ወደ ምክር ሥራ የገባሁት በዚህ ዕዳ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ ሌላ ሌላ ምክንያት ነበራቸው። አንዷ አባቷን በሳንባ በሽታ አጥታለች። ጭሱን ጠልተው የመጡም ነበሩ፤ እነዚህ ቶሎ ሰለቹ። የተወው ሰው ተመልሶ ሲያጨስ እንደ ተሰደቡ ይቆጥሩታል። መመለስ ግን የዚህ ሱስ ጠባይ ነው፤ ብዙው ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሮ ነው የሚተወው።

ኒኮቲን ከተሳበ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ወታደሩ ደግሞ የሌሊት ዘብ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ፣ ማለቂያ የሌለው መጠበቅ አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ጓዱ የዘረጋለትን ሲጋራ «አልፈልግም» ማለት ነው፤ ጓደኝነቱን የገፋ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲጋራ ለማስተው ከሚሰጠው መድኃኒት በፊት ለጓዱ ምን ብሎ እንደሚመልስ አብረን እንለማመድ ነበር። አምሮቱ ሲነሣ ደቂቃዎች ቆይቶ ያልፋል፤ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ይያዝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይብሳሉ።

የእኛ የጎጃም ሰው ትምባሆን እንደ ነውር ስለሚያይ፣ ልጁ ለፈቃድ ሲመጣ ከእናቱ ተደብቆ ከጓሮ ነው የሚያጨሰው። በዚህ እፍረት አትጠቀሙበት። «ትቼዋለሁ» ብሎ ይዋሻችኋል፤ ስብከት ከፈለገ ቤተ ክርስቲያን አለችለት።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ጠመንጃ ግን በ18 ይያዛል። በዚያ የሦስት ዓመት ክፍተት ሲጋራ የጀመረ ስንቱን አይቻለሁ!

ያ ቁስለኛ አሁን አራተኛ ሙከራው ላይ ነው። ትናንት ማታ ደወለልኝ፤ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፤ እንቅልፍ እንቢ ብሎታል። እስኪነጋጋ ስለ ጤፉ ስናወራ አደርን።