አውሮፕላን ኤርፖርት ላይ ሲከሰከስ የሕክምናው ዝግጅት ምን ይመስላል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አውሮፕላን ከወደቀ ማን ይተርፋል? ለስንት ቁስለኛስ ነው የሚዘጋጀው?

መልስ፦ ኤርፖርት አካባቢ የሚደርሰው አደጋ ሲነሳ ወይም ሲያርፍ ስለሆነ የሚተርፈው ብዙ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ሲነሳ ርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ከወደቀው ቦይንግ 737 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች፣ ከ104ቱ 69ኙ ተርፈዋል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ከተሳፈረው 75 በመቶው ቁስለኛ ይሆናል ብሎ ያሰላል፤ ከእነዚህ 20 በመቶው ቀይ (ወዲያው ካልታከመ የሚሞት)፣ 30 በመቶው ቢጫ (ክፉኛ ቢጎዳም ጥቂት መቆየት የሚችል)፣ 50 በመቶው አረንጓዴ (ቀላል ጉዳት ያለው)። 200 ሰው ከጫነ 150 ቁስለኛ፣ ማለትም 30 ቀይ፣ 45 ቢጫ፣ 75 አረንጓዴ። ስለዚህ ለቀዩና ለቢጫው ተደምሮ 75 ቃሬዛ ያስፈልጋል፤ 10 ቃሬዛ ያለው መጋዘን ዝግጅት አይባልም።

ጥያቄ፦ ቀድሞ የደረሰው የአምቡላንስ ባለሙያ ከማን ይጀምር?

መልስ፦ ማከም አይጀምር። አንዱ ላይ ከተንበረከከ ሌሎቹን የሚያይ የለም። ጮክ ብሎ «መራመድ የምትችሉ ወደዚህ ኑ» ይበል፤ የመጡት አረንጓዴ ናቸው። ከዚያ አጠገቡ ካለው ጀምሮ ለአንድ ሰው ከ30 ሰከንድ በላይ አይስጥ። የማይተነፍሰውን አገጩን ቀና ያድርግለት፤ ከተነፈሰ ቀይ፣ ካልተነፈሰ ጥቁር፣ ማለትም የሞተ። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ የእጅ አንጓው ላይ የደም ምት የጠፋ፣ «እጄን ጨብጠኝ» ሲባል የማይጨብጥ፣ ሁሉም ቀይ። የቀረው ቢጫ። ይህ ለአዋቂ ነው፤ ሕፃን በደቂቃ ከ15 በታች ወይም ከ45 በላይ ሲተነፍስ ነው ቀይ የሚሆነው። አገጭ ከማቅናት ሌላ መሀል ላይ የሚፈቀደው የሚንዠቀዠቅ ደም ማሰር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የሕክምናው ድንኳን የት ይተከል?

መልስ፦ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን፣ ከስብርባሪው ቢያንስ 90 ሜትር ርቆ። አምቡላንስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይውጣ፤ ወደ ኋላ መንዳት ከተጀመረ መስመሩ ሁሉ ይቆማል።

ጥያቄ፦ እሳት ማጥፊያው አረፋ ቁስለኛውን ይጎዳል?

መልስ፦ ትልቁ አደጋ መሸፈኑ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 307 ሰው የጫነ የኤዥያና ቦይንግ 777 ተከሰከሰ፤ የሞቱት 3 ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ወጣት ክንፉ አጠገብ መሬት ላይ ወድቃ ነበር። ያዩዋት ሠራተኞች ሞታለች ብለው አለፉ፤ ጠጋ ብሎ እጇን የያዘ፣ ትንፋሿን ያዳመጠ አልነበረም። በኋላ አረፋው ሸፈናትና የእሳት አደጋ መኪኖች ሄዱባት። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባወጣው ሪፖርት በዚያ ቀን የቁስለኞች ልየታ በጥቅሉ ጥሩ ነበር፤ ለይቶ የነቀፈው ይህንን ሳይነኩ ማለፍ ነው። እንግዲህ ሳይነካ ጥቁር አይባልም። መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊትም አንድ ሰው በእግሩ ከፊቱ ይሂድ፤ አረፋው ከጉልበት በታች ቢሆንም እንኳ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መላክ አይቀልም?

መልስ፦ ይቀላል፤ ችግሩም እሱ ነው። አረንጓዴዎቹ በታክሲና በሰው መኪና ራሳቸው ቀድመው እዚያው ይደርሱና አልጋውን ይይዙታል፤ ቀዩ ሲመጣ ቦታ ያጣል። መውጫው ላይ አንድ ሰው ብቻ ይመደብና ቁስለኛው ላይ የታሰረው ካርድ ቁጥር፣ ቀለም፣ ሆስፒታል፣ ሰዓት ይጻፍ፤ ያለ እሱ ፈቃድ አምቡላንስ አይውጣ። ቤተሰብ «ልጄ የት ነው?» ብሎ ሲመጣ መልስ የሚገኘው ከዚያ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ የተባለ ሊብስበት ይችላል?

መልስ፦ በደንብ። ጭስ የሳበ ሰው እየተራመደ ይመጣና ጉሮሮው ከሰዓታት በኋላ ያብጣል። ድምፁ የጎረነነ፣ አፍንጫው ጥላሸት የያዘ ወይም የአፍንጫው ፀጉር የተለበለበ ካያችሁ ወዲያው ወደ ቀይ አዙሩት።

ጥያቄ፦ ልምምዱ በስንት ጊዜ ነው?

መልስ፦ ሙሉው ቢያንስ በየ2 ዓመቱ አንዴ፣ መሀል ላይ ባለው ዓመት ደግሞ ከፊሉ። ግን ዕቃውም ይለማመድ። ሳን ፍራንሲስኮ የሕክምና አውቶቡሶች ነበሩት፤ በወርኃዊው ልምምድ በሚገባ ስላልተካተቱ በጭንቁ ሰዓት ሳይጠሩ ቀሩ፣ ለከባድ ቁስለኞች የሚሆነው የጀርባ ሰሌዳም (ቁስለኛው ተኝቶበት የሚነሳበት ጠንካራ ሰሌዳ) ዘገየ። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ሾፌሩ ማታ ማነው? ልምምዱን ከዚህ ጀምሩ።